የተገኘውና የተመረጠው፦ የኦዊኖ ወጣት አንባቢና የቋንቋ ምርጫ አተረጓጎም

1. የጥያቄው አቀራረብ

በአፍሪካ ከተሞች የሚኖሩ ወጣቶች የንባብ ልማድ ሲጠና አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ጥያቄዎች ይቀርባሉ፦ ምን ያህል ታነባለህ? ምን ዓይነት መጽሐፍ ትወዳለህ? በየትኛው ቋንቋ ማንበብ ትመርጣለህ? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የመምህራንና የአሳታሚዎች ጉዳይ ናቸው። ሦስተኛው ግን የቋንቋ ባለሙያውን በቀጥታ ይመለከታል። መልሱ ከንባብ መዝገብ ወጥቶ የቋንቋ አመለካከት ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳልና። አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት የካምፓላ ልጅ «እንግሊዝኛ» ብሎ ሲመልስ መልሱ በሉጋንዳ ላይ የተሰጠ ፍርድ ተደርጎ ይመዘገባል። ከዚያም «ወጣቱ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ማንበብ አይፈልግም» የሚል መደምደሚያ ይከተላል።

ይህ ጽሑፍ የሚተቸው ያንን አተረጓጎም ነው። የልጁ መልስ እውነት ነው፤ የሚያነበው በእንግሊዝኛ ነው። ስሕተቱ ያለው የተገኘውን እንደ ተመረጠ አድርጎ በመቁጠሩ ላይ ነው። ልዩነቱን ለማሳየት ከኦዊኖ ገበያ የተሻለ መነሻ አይገኝም። ኦዊኖ ሰው ያልመረጠውን ነገር በየዕለቱ እየመረጠ የሚገዛበት ስፍራ ነውና። (የዩጋንዳን ጉዳይ የሚመለከቱ ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

2. ገበያውና የሁለተኛ እጅ ሕግ

ኦዊኖ በ1971 የተቋቋመ፣ በናኪቩቦ ስታዲየም አጠገብ የሚገኝ የካምፓላ ትልቅ ገበያ ነው። ይፋዊ ስሙ የቅዱስ ባሊኩዴምቤ ገበያ ሲሆን የተሰየመውም በ1885 በናኪቩቦ አካባቢ አንገቱን ተሰይፎ በሞተው ካቶሊካዊ ሰማዕት በዮሴፍ ሙካሳ ባሊኩዴምቤ ነው። ገበያው በ2009 እና በ2011 በእሳት ጋይቶ እንደገና ተነሥቷል። እህል፣ ቅመም፣ ጫማ፣ የቤት ዕቃ ይሸጥበታል፤ ስሙን ያስጠራው ግን ሚቩምባ ነው። ሚቩምባ በአዲስ አበባ ሰልባጅ የሚባለው፣ ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ በቦንዳ ታስሮ የሚመጣ ልባሽ ልብስ ነው።

የሚቩምባ ንግድ አንድ ቀላል ሕግ አለው። ገዢው የሚመርጠው ሌላ ሰው ቀድሞ ለብሶ ከጣለው ውስጥ ነው። ምርጫው ሐሰተኛ አይደለም፤ ደንበኛው ክምሩን ይፈትሻል፣ ስፌቱን ያያል፣ ይከራከራል፣ ከመቶ ሸሚዝ አንዱን ያነሣል። ይሁን እንጂ በክምሩ ውስጥ ምን እንደሚኖር የወሰነው እርሱ አይደለም። በዚህም ምክንያት አንድ ወጣት የሩቅ አገር ትምህርት ቤት ስም የታተመበት ካናቴራ ለብሶ ቢታይ ለዚያ ትምህርት ቤት ልዩ ፍቅር አለው ብሎ የሚደመድም ተመራማሪ የለም። ካናቴራው የሚናገረው ስለ ልኩ፣ ስለ ቀለሙና ስለ ዋጋው ነው፤ በላዩ ያለው ጽሑፍ ከዕቃው ጋር ተከትሎ የመጣ ነው።

ያው ልጅ በእጁ የተቀዳደደ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ይዞ ሲገኝ ግን ይህ ጥንቃቄ ይዘነጋል። በከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው አሮጌ መጽሐፍ እንደ ካናቴራው ሁሉ ቀድሞ የታተመበትን ቋንቋ ይዞ ይመጣል። ልጁ የመረጠው ወንጀል ነክ ታሪክ፣ ፍቅር ወይም ጀብዱ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደግሞ ቀጭኑን መጽሐፍ፣ አለዚያም ርካሹን መርጦ ይሆናል። ቋንቋው ከነዚህ ጋር አብሮ የገባ ነው። የቋንቋ ምርጫ ተደረገ ለማለት ቢያንስ አንድ ተመጣጣኝ የሉጋንዳ መጽሐፍ በዚያው ክምር፣ በዚያው ዋጋ፣ በዚያው ዓይነት ታሪክ መቅረብ ነበረበት።

ከአዲስ አበባ ጋር ማነጻጸሩ ነጥቡን ያብራራዋል። በመርካቶና በለገሃር አካባቢ የሚሸጡ አሮጌ መጻሕፍትም የሁለተኛ እጅ ዕቃ ናቸው። በኢትዮጵያም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ሆኖም የአዲስ አበባ ተማሪ ለደስታው የሚያነበውን ሲፈልግ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ እጅ የሚያገኘው አብዛኛው በአማርኛ የተጻፈ ነው። ምክንያቱ የአዲስ አበባ ልጅ ቋንቋውን ከካምፓላው ልጅ አብልጦ ስለሚወድ ነው ማለት አይቻልም። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የአማርኛ ልብ ወለድ በብዛት ስለ ታተመ ከመጀመሪያው እጅ ወደ ሁለተኛው የሚወርድ አማርኛ አለ። አማርኛ የመንግሥት ሥራ ቋንቋ በመሆኑ ያገኘው ድጋፍም በዚህ ውስጥ አለ፤ ሉጋንዳ ያንን ድጋፍ አላገኘም። የሁለተኛ እጅ ገበያ የሚያሳየው የትናንቱን ኅትመት ነው፤ የዛሬውን አንባቢ ፍላጎት በቀጥታ አያሳይም።

3. ሞሰስ ለምን ተወደደ?

ወጣቶች በእንግሊዝኛ የሚያነቡት ነገር ራሱ ሲመረመር ቋንቋው የመስሕቡ ዋና ምንጭ መሆኑ አጠራጣሪ ይሆናል። በምሥራቅ አፍሪካ ትውልድ በትውልድ ላይ ካነበባቸው የወጣት መጻሕፍት መካከል የባርባራ ኪሜንዬ የሞሰስ ተከታታይ ታሪኮች ግንባር ቀደም ናቸው። ኪሜንዬ በእንግሊዝ ተወልዳ ኑሮዋን በምሥራቅ አፍሪካ ያደረገች፣ በቡጋንዳ ካባካ መንግሥት ያገለገለችና በጋዜጠኝነት የሠራች ደራሲ ነበረች። በ1965 ካላሳንዳ የተባለውን የመንደር ታሪኮች ስብስብ አሳተመች። የሞሰስ የመጀመሪያ መጽሐፍ በ1968 ወጣ። ሞሰስ ከጓደኛው ከኪንግ ኮንግ ጋር የሚማረው «የአፍሪካውያን ጨዋ ልጆች የሙኪቢ የትምህርት ተቋም» የሚል ከአቅሙ በላይ የሆነ ስም በተሸከመ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው።

የአዳሪ ትምህርት ቤት ታሪክ ከእንግሊዝ የመጣ ዘውግ ነው። ኪሜንዬ ግን ዘውጉን እንዳለ አልተቀበለችውም። በእንግሊዙ ታሪክ ትምህርት ቤቱ የተከበረ ነው፤ ልጆቹ ያጠፋሉ፣ ይቀጣሉ፣ በመጨረሻም የትምህርት ቤቱን ክብር ያስጠብቃሉ። በሙኪቢ ግን የሚያሥቀው ተቋሙ ራሱ ነው። የስሙ ግዝፈትና የግቢው ድህነት አይመጣጠኑም፤ ልጆቹም ይህን ያውቃሉ። አንባቢው የሚደሰተው ትምህርት ቤት በትምህርት ቤቱ ቋንቋ ሲታማ በመስማቱ ነው። እንግሊዝኛ በክፍል ውስጥ የፈተናና የቅጣት ቋንቋ ነው፤ በሞሰስ ውስጥ ግን የሣቅ ቋንቋ ሆኖ ይመለሳል። እንግሊዝኛ በዚህ ረገድ በእርግጥ አንድ ሥራ ይሠራል፤ ያም ሥራ ከትምህርት ቤቱ ጋር ካለው ዝምድና የመጣ ነው።

ሆኖም በመጽሐፉ ውስጥ የሚጎድል ነገር አለ። የቡጋንዳ ልጆች በመኝታ ክፍላቸው፣ በሹክሹክታቸው፣ በጠባቸው ሁሉ የሚናገሩት እንከን የለሽ እንግሊዝኛ ነው። ሉጋንዳ እንደሌለ ይቆጠራል። አንባቢው ልጅ ይህን ክፍተት በራሱ ይሞላል፤ የሞሰስን ንግግር በጆሮው ወደሚያውቀው ድምፅ ይመልሰዋል። በ1977 ማክሚላን ያስጀመረው ፔስሴተርስ የተባለው ተከታታይ ኅትመትም ለተመሳሳይ አንባቢ የታሰበ ነበር። መጻሕፍቱ ቀጫጭን ናቸው፤ ታሪካቸው ፈጣን ነው፤ ሰዎቹ አፍሪካውያን ናቸው፤ ጉዳያቸውም ገንዘብ፣ ፍቅር፣ ወንጀልና ከተማ ነው። ወጣቱን የያዘው ይህ ስብስብ ነው። ስብስቡ ግን ወደ እርሱ የደረሰው በአንድ ቋንቋ ብቻ ነው።

4. ከኦዊኖ በፊት የተጻፈ የኦዊኖ ታሪክ

የገንዘብና የከተማ ታሪክ በአካባቢው ቋንቋ ሊጻፍ አይችልም የሚል ክርክር ቢነሣ መልሱ ገበያው ከመቋቋሙ 18 ዓመት በፊት ተጽፎ ይገኛል። ኦኮት ፕቢቴክ ላክ ታር የተባለውን ልብ ወለድ በአቾሊ ቋንቋ ያሳተመው በ1953 ነው። ዋና ባለ ታሪኩ ኦኬቻ ላድዎንግ የሚወዳትን ልጅ ለማግባት የጥሎሽ ገንዘብ ያጣ ድኻ ወጣት ነው። ገንዘቡን ፍለጋ ወደ ካምፓላ ይሄዳል፤ ይለፋል፤ ያጠራቅማል። ወደ አገሩ ሲመለስ በመንገድ ይዘረፍና ባዶ እጁን ይቀራል። ዛሬ ከሰሜን ዩጋንዳ መጥቶ በካምፓላ ገበያ ሸቀጥ የሚሸከም ወጣት ቢያነበው ታሪኩ የእርሱው ነው።

የመጽሐፉ ዕጣ ግን የዚህን ክርክር ፍሬ ነገር ይነግረናል። ደራሲው በ1982 ዐረፈ። የእንግሊዝኛው ትርጉም «ነጭ ጥርስ» በሚል ርእስ የወጣው በ1989፣ ከመጀመሪያው ኅትመት 36 ዓመት በኋላ ነበር። የኦኮት ታላቅ ሥራ የሆነው የላዊኖ ግጥምም እንግሊዝኛው በ1966 ሲታተም የተደረሰበት የአቾሊው ጽሑፍ በመጽሐፍ መልክ የወጣው በ1969 ነው። የተተረጎመው ቀድሞ፣ የተተረጎመበት ኋላ ታተመ። የአቾሊ ወጣት ላዊኖን በእንግሊዝኛ ቢያነባት የመጀመሪያው በር የተከፈተለት በዚያ በኩል ስለ ነበር ነው።

ይህ የአንድ መጽሐፍ አጋጣሚ ብቻ አልነበረም። በሰኔ 1962 ከኦዊኖ ጥቂት ኪሎ ሜትር በምትርቀው የማኬሬሬ ኮረብታ የአፍሪካ ጸሐፍት ጉባኤ ተደርጎ ነበር። ጉባኤው የተጠራው በእንግሊዝኛ ለሚጽፉ ነበር። በስዋሂሊ የጻፈው ሻባን ሮበርትና በዮሩባ የጻፈው ፋጉንዋ በጥሪው ወሰን ውስጥ አልነበሩም። በተከታዩ ዓመት ኦቢ ዋሊ በዚያችው በካምፓላ ትታተም በነበረችው ትራንዚሽን መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ይህ መንገድ የአፍሪካን ሥነ ጽሑፍ ወደ መጨረሻው ይወስደዋል ሲል ተከራከረ። በ1948 የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የሥነ ጽሑፍ ቢሮ በአካባቢ ቋንቋዎች ማሳተምን ዓላማው አድርጎ ነበር። የንሲምቢ ዋጉምቡሊዚ እና የካዌሬ ዚኑኑላ ኦሙናኩ የተባሉት የሉጋንዳ ልብ ወለዶች የወጡትም በዚያ ዘመን፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። የቢሮው ተልእኮ ከማስተማርና ከመምከር ጋር የተያያዘ ነበር። የምክር ድምፅ ደግሞ ወጣትን በየትኛውም ቋንቋ ያርቃል። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ በ1977 ሲፈርስ በቢሮው በኩል ይመጣ የነበረው አቅርቦትም ቆመ። ስለዚህ «ወጣቱ የሉጋንዳ ልብ ወለድ አልወደደም» ከመባሉ በፊት ለእርሱ የተጻፈ የሉጋንዳ ልብ ወለድ ምን ያህል ቀርቦለት እንደ ነበር መጠየቅ ይገባል።

5. ሌሎች ማብራሪያዎችና የድምፅ ምስክርነት

በቋንቋ ባለሙያዎች ዘንድ ሁለት ሌሎች ማብራሪያዎች ይሰማሉ። አንደኛው የአጻጻፍ ሥርዓት ነው፤ ሉጋንዳ ለማንበብ አስቸጋሪ ነው ይባላል። በ1947 የጸደቀው የሉጋንዳ አጻጻፍ የአናባቢን መርዘምና የተነባቢን መጥበቅ ፊደሉን በመድገም ያሳያል። «መግዛት» እና «መክፈት» የሚሉት የሉጋንዳ ግሶች የሚለዩት በአንድ ተነባቢ መጥበቅ ብቻ ነው፤ ጽሑፉም ልዩነቱን ያሳያል። አማርኛ ግን ይህን አያደርግም። «አለ» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብና ጠብቆ ሲነበብ ሁለት የተለያዩ ግሶች ነው፤ «ገና»ም እንዲሁ። አንባቢው ከዐውዱ ይለያል። የሉጋንዳ ጽሑፍ የድምፅ ቅላጼን አለማመልከቱ እውነት ነው፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ለቈጠረ ልጅ ረዣዥሞቹ ቃላት መጀመሪያ ላይ ሊከብዱት ይችላሉ። ነገር ግን መጥበቅን የማያሳይ አጻጻፍ ያለው አማርኛ ወጣት አንባቢ ካፈራ የአጻጻፉ ክብደት ብቻውን የሉጋንዳን መጽሐፍ ማነስ ሊያስረዳ አይችልም።

ሁለተኛው ትምህርት ቤት ነው፤ ይህኛው ክብደት አለው። ከ2007 ጀምሮ የዩጋንዳ ሥርዓተ ትምህርት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች የአካባቢ ቋንቋ እንዲያስተምር፣ አራተኛው ክፍልም መሸጋገሪያ እንዲሆን ይደነግጋል። ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች በሚገናኙባቸው ከተሞች ግን በእንግሊዝኛ ማስተማር ተፈቅዷል። በካምፓላ የሚያድግ ልጅ ረጅም ጽሑፍ ማንበብ የሚለምደው ከሁሉ በፊት በእንግሊዝኛ ነው፤ ፈተናውም ሥራውም በዚያው ቋንቋ ነው። ይህ የእንግሊዝኛ ኃይል ሊካድ አይገባም። ልጁ እንግሊዝኛን የሚፈልግበት በቂ ምክንያት አለው፤ እንደ ተታለለ አድርጎ ማየትም ንቀት ነው። እንግሊዝኛን መፈለግ ግን ሉጋንዳን አለመፈለግ ማለት አይደለም። መጠይቁ ሁለቱን በአንድ መልስ ስለሚጠይቅ አንዱ የሌላው ተቃራኒ መስሎ ይታያል።

አቅርቦት በኖረበት ቦታ የሚታየው ነገር ከመጠይቁ ውጤት ይለያል። በ1994 የተጀመረው የሉጋንዳ ዕለታዊ ጋዜጣ ቡኬዴ በአገሪቱ በሰፊው ከሚሸጡት ጋዜጦች አንዱ ነው። በሉጋንዳ የሚያነብ ሕዝብ እንዳለ በየማለዳው በገንዘብ ይመሰከራል። ከዚህም የሚበልጠው ምስክር የፊልም ተርጓሚዎቹ ነው። በካምፓላ ቪጄ የሚባሉት ባለሙያዎች የውጭ ፊልም እየተመለከቱ በሉጋንዳ ይተርካሉ፤ የተዋናዮቹን ንግግር ይተረጉማሉ፣ ያብራራሉ፣ ይቀልዳሉ፣ በፊልሙ ውስጥ የሌለ ነገር ይጨምራሉ። እንደ ቪጄ ጂንጎ ያሉት በስማቸው ተመልካች ይስባሉ። በ2010 በዋካሊጋ ሰፈር የተሠራው «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» የተባለው ፊልም በዓለም ዙሪያ ሲታወቅ የቪጄ ኤሚ ትረካ የፊልሙ አካል ሆኖ ነበር። እነዚህ ተመልካቾች መካከል ወጣቶች ብዙ ናቸው። ጀብዱ፣ ወንጀልና ፍቅር በሉጋንዳ ሲቀርብላቸው ለመስማት ይከፍላሉ። ለመስማት የሚከፈልለት ቋንቋ ለማንበብ የማይፈለግ ነው የሚለው መደምደሚያ ማስረጃ ያስፈልገዋል።

ድምፅና መጽሐፍ እንዴት እንደሚደጋገፉ የኢትዮጵያ ተሞክሮ ያሳያል። የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተረከው። መጽሐፉን ገዝቶ ለማንበብ አቅም ያልነበረው፣ ማንበብም የማይችለው ሰው ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን በድምፅ ዐወቃቸው። ትረካው መጽሐፉን አልተካውም፤ ተፈላጊነቱን አሰፋው። ይህ ሊሆን የቻለው ግን ከትረካው በስተጀርባ መጽሐፍ ስለ ነበረ ነው፤ የሰማ ሰው ቢፈልግ ያገኘዋል። በካምፓላ የቪጄው ድምፅ ሲያበቃ አድማጩ ወደ እጁ የሚያስገባው የሉጋንዳ ጽሑፍ የለም። የተቀሰቀሰው ፍላጎት ወደ ሌላ ፊልም ወይም ወደ እንግሊዝኛው ልብ ወለድ ይሄዳል፤ መጠይቁም እዚያ ያገኘዋል።

6. መጠይቁ ምን ሊሆን ይገባል?

ይህ ትችት ለአማርኛ ተናጋሪ ባለሙያ የጎረቤት ጉዳይ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር አንድ ነገር መጨመር አለበት። በአማራ ክልል አዊኛ፣ ኽምጣኛና ኦሮምኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆነዋል። በእንጅባራ በአዊኛ ፊደል የቈጠረ ልጅ ዕድሜው ከፍ ብሎ ለደስታው የሚያነበው ልብ ወለድ ሲፈልግ በብዛት የሚያገኘው በአማርኛ ነው። በዚያ ስፍራ አማርኛ በኦዊኖ የእንግሊዝኛን ቦታ ይይዛል። «በየትኛው ቋንቋ ማንበብ ትመርጣለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ልጁ «በአማርኛ» ቢል መልሱ ስለ አዊኛ የሚነግረን ነገር የኦዊኖው መልስ ስለ ሉጋንዳ ከሚነግረን አይበልጥም። አማርኛ ባለ ብዙ መጽሐፍ በሆነበት አገር የአቅርቦትን ጉድለት እንደ ፍላጎት ጉድለት ማንበብ በተለይ ቀላል ነው። ጉድለቱ ባለ መጽሐፍ ቋንቋ ለሚናገረው ተመራማሪ አይታየውምና።

ስለዚህ የንባብ ምርጫን የሚያጠና መስክ ሦስት ማስተካከያ ያስፈልገዋል። አንደኛ፣ የወጣቱ መልስ ከመመዝገቡ በፊት በአቅራቢያው ያለው ክምር ይቈጠር፤ በየቋንቋው ስንት ርእስ፣ በምን ዋጋ፣ በምን ዓይነት ታሪክ እንዳለ ይታወቅ። ይህ ካልታወቀ የምርጫው መቶኛ ትርጉም የለውም። ሁለተኛ፣ የታሪክ ዓይነትና ቋንቋ ተለይተው ይጠየቁ። አንድ ዓይነት የወንጀል ታሪክ በሁለት ቋንቋ፣ በእኩል ውፍረትና በእኩል የኅትመት ጥራት ይቅረብና ልጁ የቱን እንደሚያነሣ ይታይ። ሦስተኛ፣ ልጁ በእንግሊዝኛ ያነበበውን መጽሐፍ ለጓደኛው የሚተርከው በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ይቀረጽ። በዚያ ትረካ የትኞቹ ቃላት በእንግሊዝኛ እንደሚቀሩ፣ ንግግሮቹ ወደ ሉጋንዳ ሲዞሩ ምን እንደሚጨመርባቸው፣ የቪጄው አነጋገር በልጁ አተራረክ ውስጥ ይገባ እንደሆነ ማየት ይቻላል። ይህ የንባብ ጥናት ብቻ ሳይሆን ገና ያልተጻፈ የሉጋንዳ ልብ ወለድ ቋንቋ ምን ሊመስል እንደሚችል የሚያመለክት የመስክ ጽሑፍ ይሆናል።

የጉዳዩ ክብደት ከዘዴ በላይ ነው። አሳታሚ «አንባቢ የለም» የሚል ዘገባ በእጁ ሲይዝ አያሳትምም፤ ትምህርት ቢሮም ተጨማሪ የማንበቢያ መጻሕፍት አይገዛም። ዛሬ ያልታተመው መጽሐፍ ከ20 ዓመት በኋላ በአሮጌ መጽሐፍ ክምር ውስጥ አይገኝም፤ ያን ጊዜ የሚመጣው ተመራማሪም ያንኑ ጥያቄ ጠይቆ ያንኑ መልስ ያገኛል። ባለሙያው በዚህ ዑደት ውስጥ ከውጭ ቆሞ የሚመለከት ሳይሆን ዘገባውን የሚያቀርበው ሰው ነው። ስለሆነም በሠንጠረዡ ላይ «ቋንቋ፦ እንግሊዝኛ» ብሎ ከመጻፉ በፊት ከጎኑ አንድ ዐምድ መጨመር ይጠበቅበታል፦ «በዚያ ቀን፣ በዚያ ቦታ፣ ሌላ ምን ነበረ?»